ጉሬዛ የመንግሥት የሆነበት ዘመን

አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁም ሄዳችሁ የምታዩት ነገር የለም። ብቻ ተራራው ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሰ፣ ከተማው ከተራራው ሥር የተኮለኮለ፣ ንጉሡም በከተማው መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚኖር አንድ አገር ነበረ በሉ።

የዚያ አገር ሰው ክብሩን የሚሸከመው በትከሻው ነበር። ለምድ ይሉታል፤ ከጉሬዛ ቆዳ የሚሰፋ፣ መሃሉ ጥቁር፣ ከዳርና ዳሩ ረጅም ነጭ ጠጉር እንደ ዘርፍ የሚወርድበት ካባ ነው። ማዕረግ የሚለካው በለምድ ብዛት ነው። ባለ አንድ ለምድ ሹም በባለ ሁለት ለምድ ፊት አይቀመጥም። ባለ ሁለቱም ባለ ሦስቱ ሳይስቅ አይስቅም። በየዓመቱ የለምድ ቀን የሚባል በዓል ይውላል። ያን ቀን መኳንንቱ ያላቸውን ለምድ ሁሉ ደራርበው በበጋ ፀሐይ ንጉሡ ፊት ይቆማሉ። ከሙቀቱ የተነሣ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ስለማይጠፋ፣ ደጋፊ የሚባል ሹም ተሾሞ ነበር፤ ሥራው የሚወድቁትን ከኋላ መያዝ ነው። ታዲያ ደጋፊውም እንደ ማዕረጉ ለምድ ይደራርብ ስለነበር፣ ደጋፊውን የሚደግፍ ሌላ ሹም ከኋላው ይቆማል።

ይህን ሁሉ ለምድ የሚሰፋው አንድ ቤት ነበር። ሰፊው ይርዳው ሲሞት ሙያውን ለሁለት ልጆቹ ተወላቸው፤ ለትርንጎና ለታናሽ ወንድሟ ለአይነኩሉ። ትርንጎ ትሰፋለች፤ አይነኩሉ የተሰፋውን ቤተ መንግሥት ያደርሳል። እሷ ከመርፌና ከቆዳ ጋር ስትውል ዝምተኛ ሆነች። እሱ ከባለሟሎች ጋር ደጅ ሲጠና ንግግር ለመደ፤ አፉ የሚጣፍጥ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ወጣው። ሁለቱ በጣም ይዋደዱ ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ጠላቶች ነበሩ እንዳትሉ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ አዳኝ ገና ያልደረቀ ቆዳ ጠቅልሎ አመጣና ትርንጎ ደጃፍ ላይ ዘረገፈው። ትርንጎ ልትዘረጋው ጎንበስ ስትል ከቆዳው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ግልገል ነበር። ጉሬዛ ሲወለድ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው፤ ይኸኛውም ገና አልጠቆረም። በእጁም በእግሩም የእናቱን ጠጉር ጨብጧል።

«ቆዳዋን ስገፍፍ እንኳ አልለቅ አለኝ» አለ አዳኙ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

«ልጅ እንዳላት አላየህም?»

«ከታች ሆኜ ምን ይታየኛል እመቤት? ባየውስ፣ ለምድ የሚፈልጉት መኳንንቱ ናቸው።»

ትርንጎ ግልገሉን ከቆዳው ልታላቅቀው ሞከረች፤ ጮኸ። የፍየል ወተት በጨርቅ ነክራ ሰጠችው፤ አልጠባም አለ። በመጨረሻ ያንን ቆዳ ራሷ ትከሻዋ ላይ ደረበችው። ያኔ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ወተቱን ጠባ። እንዲህ አድርጋ ቆዳውን ለብሳ እየዋለች፣ ለብሳው እያደረች ጥቂት ቀን አቆየችው። ከዚያ ሞተ። ከነቆዳው ጓሮ ቀበረችው።

አይነኩሉ ማታ ገብቶ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«እትዬ! ያ ቆዳ እኮ ለንጉሡ አማች የታዘዘ ነው!»

«የእናቱ ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲያ መርፌ አልነካችም። በማግስቱ ወጥታ አዳኞች ወደ ደኑ የሚገቡባት ጠባብ መንገድ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ማንንም አልሰደበችም። አዳኝ ሲመጣ ግን የግድ በሷ ላይ ተረማምዶ ማለፍ አለበት። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ተሳደበ። አንዳንዱ ጥቂት ቆም ብሎ አይቷት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያ ደን ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ቀፎ እየሰቀሉ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌያቸው አያ ጓንጉል ይባላል። ወርዶ አያትና አጠገቧ ቆመ።

«ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«አዳኝ መምጣቱን እስኪተው።»

አያ ጓንጉል አሰበ አሰበና «እንግዲያው ብቻሽን አይሆንልሽም» ብሎ ጎኗ ተቀመጠ። ከዚያ የሱ ሰዎች መጡ። ከዚያ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች መጡ፣ ሸክላ ሠሪዎች መጡ፣ ኋላ የአዳኞቹ ሚስቶች ሳይቀሩ መጡ። ሰው «ተቀማጮቹ» ይላቸው ጀመር። ለማንም ያልታዘዙ፣ አለቃ የሌላቸው፣ መንገድ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ብቻ ነበሩ። የለምድ ቀን እየቀረበ፣ ቆዳ እየጠፋ መጣ።

ቤተ መንግሥቱ ተጨነቀ፤ መቀመጥን የሚከለክል ሕግ አልነበረምና። የሕግ ተርጓሚው ተጠርቶ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ሰነበተ። በመጨረሻ መፍትሔ አገኘ። በባለ ሁለት ለምድ ፊት መቀመጥ ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ ባለ ሁለት ለምድ ሹም ተመርጦ ወደ ተራራው ወጣና ከተቀማጮቹ ፊት ለፊት ቆመ። እሱ እንደቆመ እነሱ ወንጀለኞች ሆኑ።

«ተነሡ» አላቸው።

ማንም አልተነሣም። ያኔ ከኋላው ባለዱላ ወታደሮች መጡ። የአያ ጓንጉል ቀኝ ክንድ ተሰበረ፤ ዳግመኛም ቀፎ ለመስቀል አልተዘረጋም። ስንዱ የምትባል ሸክላ ሠሪ እዚያው ሞተች። ሰዎቹ አስከሬኗን መሃላቸው አድርገው እንደተቀመጡ ቀሩ።

አይነኩሉ እስከዚያን ቀን ድረስ ከተማ ነበር። እህቱን ይወዳታል፤ ግን የቀሩትን ለምዶች ለማድረስ ይመላለስ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ ከቤተ መንግሥቱ ጋር መነጋገር አለበት ይል ነበር። ወሬውን ሲሰማ የያዘውን ለምድ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ጥሎ፣ የሚከለክለውን ሁሉ ገፍቶ ንጉሡ ፊት ወደቀ። እንደዚያን ቀን አድርጎ የተናገረ ሰው በዚያ አገር አልተሰማም ይባላል። ስለ ግልገሉ ተናገረ፣ ስለ ስንዱ ተናገረ፤ ያዳመጡት ባለሟሎች ሳይቀሩ አለቀሱ።

ንጉሡ ያረጀና ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ሰዎችህ ዙፋን ይፈልጋሉ?»

«የለም ጃንሆይ። ጉሬዛ እንዳይገደል ብቻ ነው።»

«ብቻ?»

«ብቻ ጃንሆይ።»

«ይኼማ ምን ቸገረን» አለ ንጉሡ። ወዲያው አዋጅ ተነገረ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጉሬዛ የመንግሥት ነው፣ የነካው ይቀጣል ተባለ።

አይነኩሉ ተራራውን እየሮጠ ወጣ። «ተነሡ! አሸንፈናል! ተነሡ!» አለ። ሰዎቹ ተነሡ፤ ተቃቀፉ፤ አልቅሰው ስንዱን ቀበሩ። ትርንጎ ግን ወንድሟን ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችው።

«የመንግሥት ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

«አይነካም ማለት ነዋ!»

«ታዲያ አይነካም ለምን አላለም?»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀና ሳማት። እሷም ሳቀች። ደስታ ነበር፤ የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ደክሞት ነበር።

ሐሰት አልናገርም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ። አዳኝ የሚባል ጠፋ። ነጫጭ ግልገሎች ከመንገዱ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠላጠሉ ይታዩ ነበር። አዲስ ለምድ ስላልተሰፋ መኳንንቱ ያላቸውን አሮጌ እየተዋዋሱ በዓሉን አከበሩ። ሰዎቹ ተነሥተው ወደየቤታቸው ገብተዋል፤ የሚጠብቅ መንግሥት አለና ምን ያስቀምጣቸዋል?

መንግሥትም ጠባቂ ቤት አቋቋመ። የጉሬዛ ቤት ተባለ፤ አይነኩሉም ሊቀ ጉሬዛ ሆኖ ተሾመ። ከሱ ሥር የጅራት ሹም፣ የቅርንጫፍ ሹም፣ የዝምታ ሹም ተሾሙ። የዝምታ ሹም ሥራ ጉሬዛ እንዳይረበሽ ደኑን እየዞረ «ዝም በሉ!» ብሎ መጮህ ነበር። የለምድ ቀንም ስሙ ተለውጦ የጉሬዛ ቀን ተባለ። ለትርንጎ ከፊት መስመር የክብር ወንበር ተሰጣት። በሚቀጥለው ዓመት ወንበሯ ወደ ኋላ ሄደ። ኋላ ደግሞ በጥሪ ነው አሏት፤ ጥሪ የሚያድለው ሹም ማን እንደሆነች ስላላወቀ ሳይጠራት ቀረ።

አንድ ዓመት የዝምታ ሹም ሪፖርት አቀረበ። ቀፎ ሰቃዮቹ ለንቦቻቸው የሚያጨሱት ጭስ ጉሬዛዎቹን ያስላቸዋል አለ። ሲያስሉ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ግን ነገሩ በሹም ተነግሯል። በደን ውስጥ ሰው አይኑር የሚል ትእዛዝ ወጣና ለሊቀ ጉሬዛው ፊርማ ቀረበ።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ወደ ጉሬዛ ቤት ሄደች። ዘበኛው ስሟን ጠይቆ፣ አስጠብቆ፣ ኋላ አስገባት። አይነኩሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ሳማት፤ ተቀመጪ ቢላት ቆማ ቀረች።

«አያ ጓንጉል ክንዱን ያጣው በዚህ ደን ነው» አለችው። «አንተ ነህ የምታስወጣው?»

«እትዬ ስሚኝ። እኔ ካልፈረምኩ ሌላው ይፈርማል። እኔ ብለቅ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የንጉሡ አማች ነው፤ ለምድ ሲያይ ዛሬም ምራቁን የሚውጥ ሰው! እኔ እዚህ እስካለሁ ጉሬዛ አይነካም።»

«ሰዎቹስ?»

«አዋጁ ስለ ጉሬዛ ነው እትዬ። ስለ ሰው አያወራም።»

«አነጋገርህ እንዴት አምሯል» አለችው ትርንጎ። በቁጣ አልነበረም። ወጥታ ስትሄድ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ቀፎ ሰቃዮቹ ደኑን ለቀው ወደ ቆላው ወረዱ። ቀፏቸውን በጀርባቸው ተሸክመው በከተማው መሃል ሲያልፉ ትርንጎ አብራቸው ነበረች፤ የአያ ጓንጉልን ድርሻ እሷ ተሸክማለች። አይነኩሉ በመስኮት አያት። ሊጠራት አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች፣ የጉሬዛ ቤትን አሠራር ሊማሩ የመጡ ሰዎች፣ አጠገቡ ቆመው ነበርና ዞሮ ማስረዳቱን ቀጠለ።

ደኑ ሰው አልባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ለጉሬዛ ቀን የሚሆን ታላቅ አዳራሽ አማረው፤ ምሰሶውም ወለሉም ዝግባ እንዲሆን ፈለገ። ዝግባ የሚገኘው ከደኑ ነው። በዚህን ጊዜ አይነኩሉ ተቆጣ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ተቆጣ። ወደ ሕግ ተርጓሚው ሄደ።

«ደኑ በጥበቃ ሥር ነው!» አለው።

ተርጓሚው አዋጁን አወጣና አስነበበው። «ጉሬዛ ይላል። ዛፍ የሚል ታያለህ?»

«ጉሬዛ ዛፍ ላይ ነው እኮ የሚኖረው!»

«የሚኖርበት የራሱ ጉዳይ ነው። የኛ ኃላፊነት እሱ ነው።» ተርጓሚው መጽሐፉን ዘጋ። «ደግሞስ አዳራሹ ለማን የሚሠራ መሰለህ? ለሱ ክብር አይደለም?»

አይነኩሉ ለአንድ አዳራሽ ብሎ ቢጣላ የጉሬዛ ቤትን በሙሉ እንደሚያጣ አሰበ። ፈረመ። ቀጥሎ ለሹሞቹ መኖሪያ ተቆረጠ። ቀጥሎ ደኑ መታጠር አለበት ተባለና አጥሩ ከደኑ ዛፍ ተሠራ። ቀጥሎ አጥር ጠባቂዎቹ ይበርዳቸዋል ተባለ። እያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ነበረው።

ጉሬዛ መሬት ላይ መሄድ የሚወድ አውሬ አይደለም፤ ኑሮው ከዛፍ ወደ ዛፍ መዝለል ነው። በዛፍና በዛፍ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ሲሄድ ዝላያቸው አልደርስ አላቸው። ይወድቁ ጀመር። የወደቁት ወደ ጉሬዛ ቤት ይመጣሉ፤ የመንግሥት ንብረት ናቸውና መሬት ላይ እንዲበሰብሱ አይፈቀድም። ታዲያ ቆዳው ምን ይሁን? የጅራት ሹም አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ጉሬዛን በመጠበቅ ለደከሙ ሰዎች የክብር ለምድ ይሰፋበት አለ። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ።

ቤቱ የተቋቋመበት ታላቁ መታሰቢያ በደረሰ ጊዜ ተሸላሚው ሊቀ ጉሬዛው ራሱ ሆነ። አይነኩሉ አርጅቷል። በአዲሱ አዳራሽ፣ በዝግባው ወለል ላይ ቆሞ ለምዱን ደረቡለት። የሰፊ ልጅ ነውና እጁ ሳያስበው ቆዳውን ዳሰሰ። ጠባብ ነው፤ ጠጉሩ ገና አልረዘመም። አጠገቡ ወዳለው የቅርንጫፍ ሹም ዘንበል አለ።

«ይህ የመቼ ነው?»

«የዘንድሮ ነው ጌታዬ።»

«ለምን ትንሽ የሆነ ሰው... ትንሽ የሆነ ቆዳ መረጣችሁ?»

ሹሙ ግራ ገባው። «ሌላማ የለም ጌታዬ» አለ። «የመጨረሻው ነው። ለእርስዎ ብለን አስቀመጥነው።»

ንግግር እንዲያደርግ ተጠራ። ንግግሩ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ረጅምና ያማረ ነበር። አይነኩሉ ወደ ሕዝቡ ዞረና፣ «ጉሬዛ የለም» አለ።

በዚያ አዳራሽ አስጨብጫቢ የሚባል ሹም ነበር። ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር ጭብጨባ ይጀምራል። አይነኩሉ ዝም ስላለ አስጨብጫቢው ጀመረ፤ አዳራሹ ተከተለው።

«ጉሬዛ የለም! አልቋል!» አለ አይነኩሉ፣ ድምፁ እየተሰበረ።

ጭብጨባው ባሰ። ያኔ ለምዱን ከትከሻው አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና በመሃላቸው አልፎ ወጣ። ያስቆመው ሰው የለም፤ የሥነ ሥርዓቱ ክፍል መስሏቸዋል። በዓመቱ አዲሱ ሊቀ ጉሬዛ፣ የንጉሡ አማች ልጅ፣ ንግግሩን ሲጨርስ እሱም ለምዱን አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲያ ይደረጋል። ለምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ግን የለም።

አይነኩሉ ወደ ቆላው ወረደ። እየጠየቀ ሄዶ የቀፎ ሰቃዮቹን መንደር አገኘ፤ እዚህም እዚያም ግራር የቆመበት አቧራማ ቦታ ነው። ትርንጎ ደጅ ተቀምጣ እህል ታበጥር ነበር። አርጅታለች። ቀና ብላ አየችው፤ ሰፌዱን አስቀመጠችና «ፀሐይ ነው፣ ግባ» አለችው። ውኃ ሰጠችው። ምንም አልጠየቀችውም።

አያ ጓንጉል አልጋ ላይ ነበር፤ ሰውነቱ አልቆ እንደ ሕፃን ቀሏል። አይነኩሉ ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ይቅር በለኝ አያ።»

«ተነሥ፣ ተነሥ» አለ ሽማግሌው። «ቂም አልያዝኩብህም። ደኑም ሄዷል፣ አንተም መጥተሃል፤ ቂሜን ምን ላይ አስቀምጠዋለሁ? ይልቅ አንድ ነገር አድርግልኝ።»

«ምን ላድርግልህ?»

«እነዚህ የልጅ ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት። ስለ ጉሬዛ ስነግራቸው የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። እኔ እንደሆነ መናገር አላውቅበትም። አንተ ንጉሥ ያሳመንክ ሰው ነህ። እባክህ ንገራቸው።»

ልጆቹ ተጠርተው መጡና ደጁ ላይ ከበቡት። አይነኩሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥቁር ነው አላቸው። ከጎንና ከጎኑ ነጭ ጠጉር አለው፤ ርዝመቱ ይህን ያህላል፤ ለስላሳ ነው፤ ጅራቱ ጫፉ ላይ እንደ ጭራ ይበተናል። ልጆቹ አዳመጡ። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ ግንባሯን ቋጥራ፣ «እሱማ ቆዳው ነው» አለች። «ሲነጋ ይጮኻል ይላል አያታችን። እንዴት ነው የሚጮኸው?»

አይነኩሉ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ የጉሬዛ ቤት አለቃ ሆኖ ኖሯል፤ በደኑ ውስጥ ግን አንድም ሌሊት አድሮ አያውቅም። አፉን መልሶ ዘጋና ወደ እህቱ ዞረ።

በተራራው መንገድ ላይ ስንት ሌሊት ያደረችው ትርንጎ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ አየር ሳበችና ጮኸች። ከደረት የሚነሣ፣ የሚንከባለል፣ ሸለቆ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ እየተንደረደረ የሚወርድ የመሰለ ድምፅ ነበር። ተራራው ላይ አንዱ መንጋ እንዲህ ብሎ ሲጀምር ማዶ ያለው ይቀበለዋል፤ ከዚያም ሌላው ማዶ፣ ከዚያም ሌላው፤ ደኑ በሙሉ ተቀባብሎ እስኪነጋ ይጮኻል። ትርንጎ ጨርሳ፣ እንደ ልማድ ሆኖባት፣ ጆሮዋን ቀና አድርጋ ጥቂት ቆየች።

አያ ጓንጉል ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አይነኩሉ ጋቢውን በራሱ ላይ ሳበ።

ልጆቹ ግን እየተንከባለሉ ሳቁ። እንዲህ ያለ አስቂኝ ድምፅ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም።

«ድገሚው እማማ!» አሏት። «ድገሚው!»

ደገመችላቸው።